አማቴ «ሽንት ያዘኝ» ሲሉኝ

ሥራዬ የሰው ችግር በአማርኛ መጻፍ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሪንተር ማመልከቻ፣ አቤቱታና የውል ሰነድ እጽፋለሁ። የድሮ ሰዎች «ራፖር ጸሐፊ» ይሉናል። እኔ ዘንድ ከሚመጣው ሰው ግማሹ አማርኛን ያገኘው ከገበያና ከትምህርት ቤት ነው፤ የእናቱ ቋንቋ ቤንችኛ ነው፣ ወይ ከፊኛ፣ ወይ የሸኮ ቋንቋ። እሱ እንደሆነለት ይነግረኛል፣ እኔ አቃንቼ እጽፋለሁ። በዚህ ሙያዬ ትንሽ ሳይሆን ብዙ እኮራ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሰዎች «ሙሉ ዘንድ ሂዱ፣ እሷ ያልተናገራችሁትን ሁሉ ትሰማለች» እያሉ ባለጉዳይ ይልኩልኛል። እኔም የሰው አፍ አምኜ ልቤ አብጦ ነበር።

ይህን የማወራው ልመጻደቅ አይደለም፤ ወዴት እንደምሄድ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

አባቴ ከሰሜን ለአስተማሪነት የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሚዛን ነው። ባለቤቴ ኢሳያስ የሸኮ ልጅ ነው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ስንጋባ ከሁለቱም ወገን ደስ ያለው አልነበረም። የእኔዎቹ «ለጴንጤ ልትሰጥ ነው» ብለው አኮረፉ፤ የእሱዎቹ ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያናችን ሴት ጠፍቶ ነው?» አሉ። ማዘጋጃ ቤት ስንፈርም ከዘመድ የተገኙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የኢሳያስ አባት፣ አቶ ማርቆስ። ከሸኮ በጠዋት መኪና መጥተው፣ ሲያልቅ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «አሁን ልጄ ነሽ» አሉኝ። አማርኛቸው ከዚያ ብዙም አይዘልም ነበር። እኔ ደግሞ ከሸኮ ቋንቋ ከሰላምታ በቀር አልያዝኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ በፈገግታና በአሥር ቃል ተግባባን።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ቀትር ላይ አባባ ማርቆስ ሳይነግሩን ከተፍ አሉ። ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያራግፋሉ። የቡና ለቀማ ጥለው የሚመጡ ሰው ስላልሆኑ ገረመኝ።

«ኢሳያስ?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ቱም ነው ያለው። የከብት ክትባት ወጥቶ ነው። ሐሙስ ይመጣል።»

ፊታቸው ጥቁር ሲል አየሁት። ደወልኩለት፤ መስመር የለም። ሩቅ ገጠር ነው፣ ቱም ሲሄድ ሁሌም እንዲሁ ነው። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ምሳ አቀረብኩ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ከዚያ ወለሉን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ሽንት ያዘኝ» አሉ።

እናንተ አማርኛ የምትናገሩ ሰዎች፣ «ሽንት ያዘኝ» ሲባል ምን ትሰማላችሁ? እኔም እሱኑ ሰማሁ። እንግዳ ሰው ነው፣ ከመንገድ መጥቷል፣ መሽናት ፈልጓል።

«ውይ አባባ፣ ይቅርታ! ጓሮ ነው፣ በዚህ በኩል» ብዬ ጃንጥላ ሰጠኋቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጃንጥላውን ተቀብለው ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ እኔ ዝናብ መሰለኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ተመላለሱ። ሽንት ቤቱን የምንጋራው ከሦስት ተከራይ ጋር ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ባልዲ ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ «ሙሉ፣ የናንተ ሽማግሌ ቤቱን ተከራዩት እንዴ?» ብላ አሳቀችኝ። አዎ፣ ሳቅኩ። አሁን ሳስታውሰው ከሁሉ የሚከብደኝ ያ ሳቅ ነው።

ማምሻውን እንደገና አሉኝ። አሁንም በዚያው ቃል፣ አሁን ግን እጃቸውን ከእምብርታቸው በታች አሳርፈው። «ያዘኝ፣ ልጄ። ያቃጥላል።»

«ያቃጥላል» ሲሉኝ መቼም ገባኝ አልኩ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ታምሜ፣ ጤና ጣቢያ የነገሩኝን አልረሳሁም። መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ውሃ በብዛት ጠጪ። ሽማግሌው ብርድ መቷቸው፣ ሽንታቸው እየመጣ እየሄደ አስቸግሯቸዋል፤ ሴት ልጅ ስለሆንኩ አፍረው ነው እንጂ ቀላል ነገር ነው። ብልህ ነኛ! ያለሐኪም መረመርኩ፣ ያለሐኪም አዘዝኩ።

አንድ ጆግ ውሃ አፈላሁና አቀዝቅዤ አስቀመጥኩ። አጥሚት ሠራሁ። በማግስቱ ጠዋት የገብስ ውሃ ጨመርኩበት። «ይጠጡ አባባ፣ ውሃ ያጥበዋል» እያልኩ ብርጭቆው ባዶ በሆነ ቁጥር እሞላዋለሁ። እሳቸው ደግሞ በልጃቸው ሚስት ቤት የቀረበላቸውን የማይመልሱ ሰው ናቸው። ብርጭቆውን ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭልጥ ያደርጉታል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው። ሊፈነዳ በደረሰ ነገር ላይ ውሃ ስሞላ ዋልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ፍራሻቸውን ሳነሳ አንሶላው ርሷል። ሱሪያቸውም ፊት ለፊቱ ጠቁሯል። አየሁና እንዳላየ ሆንኩ፣ እሳቸውም እንዳየሁ አወቁና ግድግዳውን አዩ። እንግዲህ ይህ ነገር ለኔ ማረጋገጫ ሆነ። እንኳን ሊያቅታቸው፣ ሽንቱ እያመለጣቸው ነው! አንሶላውን ዘፍዝፌ ሳሽ፣ እውነት ለመናገር፣ ተነጫነጭኩ። የግቢው ሽንት ቤት አልበቃ ብሎ፣ ደግሞ ፍራሽ። አንድ ባልዲ አምጥቼ አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። «እዚህ ይጠቀሙ፣ አያስቡ» አልኳቸው።

ባልዲውን አዩት። ከዚያ እኔን። በዚያ አስተያየታቸው ውስጥ የነበረውን ነገር አሁን አውቀዋለሁ፤ ልመና ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ። «ሽንት… ያዘኝ። በጣም ያዘኝ።»

«አውቃለሁ አባባ፣ ገብቶኛል። ይኸው ባልዲው።»

ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ጥያቸው ወጣሁ።

ማክሰኞ እንዲያ አለፈ። ማታ ምግብ አልበሉም። ረቡዕ ጠዋት ስወጣ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል፤ እንቅልፍ መሰለኝ፣ አልቀሰቀስኳቸውም። የሞላ ብርጭቆ ውሃ አጠገባቸው ትቼ ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ግድም አንድ ጎልማሳ ባለጉዳይ መጣ። እሱም የሸኮ ሰው ነው። ጎረቤቱን ሊከስ ነው። ላፕቶፑን ከፈትኩና «እሺ፣ ንገረኝ» አልኩት።

«ጎረቤቴ መንገድ ያዘኝ» አለ።

«መንገድ ላይ ያዘህ? ምን አደረገህ፣ መታህ?»

«አይ፣ እኔን አልነካም። መንገድ ነው። መንገድ ያዘኝ። አጥር አደረገ፣ ቡና አላወጣ።»

«እህ! እሱ እኮ መንገድ ዘጋብኝ ነው የሚባለው።»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ያው ነው እትዬ። ያዘኝ። አያሳልፍም።»

እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። «ተከሳሽ ወደ ቡና ማሳዬ የሚያስገባውን የመተላለፊያ መንገድ ስለዘጋብኝ…» ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።

ያዘኝ። አያሳልፍም።

ሰውዬውን «ይቅርታ፣ ነገ ና» ማለቴን እንኳ አላስታውስም። ክፍሌን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት፤ ላፕቶፑን የዘጋልኝ እሱ ራሱ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሁለቱን ቀን ወደ ኋላ እቆጥር ጀመር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ዛሬ። ስንት ጆግ? ስንት ብርጭቆ?

አባባ ከአልጋው ወርደው፣ ተንበርክከው፣ ክንዳቸውን ፍራሹ ላይ ጥለው አገኘኋቸው። ሲጸልዩ መሰለኝ። ጠጋ ስል ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ያቃስታሉ። የሸሚዛቸው አንገት በላብ ርሷል። ባልዲው እንዳስቀመጥኩት ባዶ ነው። ጠዋት የተውኩት ብርጭቆ ግን ተጠጥቷል።

«አባባ! ሽንት አይወጣም? እምቢ አለ? አይወጣም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አይወጣም» አሉ። «ጠብ፣ ጠብ ብቻ። ያዘኝ አልኩሽ።»

ቁጣ የለበትም። እንደ ማስረዳት ነው ያሉት።

ሆዳቸውን በልብሳቸው ላይ ነካሁት። ከእምብርት በታች እንደ ሰባት ወር እርጉዝ ጠጥሮ ወጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ ጃኬታቸውን ያላወለቁት ለካ ለዚህ ነበር። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበርና ወይዘሮ ዘነበችን ጠርቼ ደግፈን አወጣናቸው። ከቤታችን ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ጉድጓድ ነው። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ክንዴን ጭምቅ ያደርጉታል እንጂ ድምፅ አላወጡም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። ሆዳቸውን በእጁ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፣ ወዲያው ነርሱን «ካቴተር አዘጋጅ» አለው፤ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ሽንት ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ነው። በሕይወቴ ብዙ የሰው ቃል ተቀብያለሁ፤ እውነቱን የሚደብቅ ሰው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የኔ ዓይን ወደ ግድግዳው ካላንደር ሄደ።

«ዛሬ ጠዋት ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ቅር ያለው መሰለ። ወደ አባባ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ መቼ ነው የቆመው? ዛሬ ነው?» አላቸው።

አባባ እኔን አዩ። በአሥር ቃል ብቻ የምንግባባ ሰዎች ነን አላልኳችሁም? በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ተረድተዋል። ምን እንደዋሸሁ፣ ለምን እንደዋሸሁ።

«አዎ» አሉ። «ዛሬ።»

መጋረጃው ተሳበ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። ነርሱ «ይተንፍሱ፣ አባቴ፣ ይተንፍሱ» ሲል ይሰማኛል። አንድ ረጅም ማቃሰት ሰማሁ፣ ከዚያ ሽንት ወደ ከረጢት ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ። ነርሱ አንድ ጊዜ አፈሰሰ፣ እንደገና ሞላ። «ከሁለት ሊትር በላይ ነው ዶክተር» አለ። አባባ በቋንቋቸው አንድ ነገር እያሉ ያለቅሱ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ምስጋና ይመስላል።

ሐኪሙ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አስረዳኝ። ወንድ ልጅ ከሽንት ፊኛው በታች፣ ቧንቧውን ዙሪያውን የያዘ ዕጢ አለው፣ ፕሮስቴት ይባላል። ሰው ሲያረጅ ያድጋል። ሲያድግ ቧንቧውን ያጠብበዋል። መጀመሪያ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ሌሊት ሌሊት ያስነሳል፣ ጨርሶ የወጣ አይመስልም። ከዚያ አንድ ቀን ጭራሽ ይዘጋል። ፊኛው ከመጠን በላይ ሲሞላ ደግሞ እየተንጠባጠበ ያመልጣል።

«እሱን ሰው ሽንት በዛበት ብሎ ያስባል» አለ። «ግን ሞልቶ የሚፈስ ነው።»

አንሶላው ትዝ አለኝ።

«ጨብጥ አይደለም?» አልኩት። ይህን የጠየቅኩት ኢሳያስ በአባቱ ላይ ሐሜት እንዳይሰማ ፈርቼ ነው፤ በኛ አገር ሽንት ያመመው ወንድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሱ ነው።

«አይደለም። ኃጢአትም ብርድም አይደለም። ዕድሜ ነው። ካንሰር አለመሆኑን ግን በምርመራ እናያለን።» ከዚያ ድምፁን ለወጥ አደረገ። «መድኃኒት አለው። ቧንቧውን የሚያላላ ክኒን አለ፣ ዕጢውን በወራት ውስጥ የሚያሟሽሽ አለ። በነዚህ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በቧንቧው በኩል ገብቶ የሚጠረብ አለ፣ በሆድ ተከፍቶ የሚወጣም አለ። በጊዜው ለመጣ ሰው የሚያስፈራ በሽታ አይደለም።»

በጊዜው ለመጣ ሰው።

የደም ውጤቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኩላሊታቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው። «ዛሬ ጠዋት ከቆመ ይህ አይገባኝም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆዴም ፈጀኝ።

ሐሙስ ጠዋት አልቻልኩም። ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ያዝኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ሰኞን፣ ባልዲውን፣ የገብሱን ውሃ። ስጨርስ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«እህቴ» አለኝ፣ «ይህ ኩላሊት በሁለት ቀን ብቻ አልተጎዳም። ወራት ሲታገል ኖሯል። ሁለቱ ቀን ግን ጨምሮበታል።»

«ውሃውስ?»

ሊዋሸኝ ይችል ነበር። «ውሃውም ጨምሮበታል» አለ።

«ለባለቤቴ ይነግሩታል?»

«እኔ የምጽፈው የታማሚውን ታሪክ ነው፤ ያንቺን አይደለም።» ብዕሩን አውጥቶ «ዛሬ ጠዋት» የሚለውን ሰረዘና «ከሁለት ቀን በላይ» ብሎ ጻፈ።

ኢሳያስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጭቃ እንደተለወሰ በቀጥታ ሆስፒታል ደረሰ። ስልኩ መንገድ ላይ መስመር ሲያገኝ የሰማው የወይዘሮ ዘነበችን መልእክት ነበር። እሷ ደግሞ «ሚስትህ ደርሳ አተረፈቻቸው» ብላዋለች። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ አባቱን፣ ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት እኔን አቀፈኝ። «ሙሉዬ፣ አባቴን አተረፍሽልኝ» እያለ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ።

አፌን ከፈትኩ። በእግዚአብሔር፣ ከፍቼ ነበር። አባባ ግን ከአልጋው እጃቸውን አንስተው ኢሳያስን ጠሩት። በቋንቋቸው ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ ብዙ ነገር ነገሩት። ኢሳያስ እጃቸውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲጨርሱ ዓይኑን ጠራረገ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

ወደኔ ሳያይ፣ «ቶሎ ገባት ነው የሚለው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥርላችሁ። ክኒኑን ጀመሩ። ከሳምንት በኋላ ቱቦው ወጥቶ ተሞከረ፤ አሁንም እምቢ አለ፣ መልሰው አስገቡት። ጅማ ሪፈር ተጻፈልን። እዚያ ያለው ሐኪም ዕጢው ካንሰር እንደማይመስል፣ ቀዶ ሕክምናው እንደሚያስፈልግ፣ ግን ኩላሊታቸው ትንሽ እስኪያገግም መጠበቅ እንዳለበት ነግሮን ቀጠሮ ሰጠን። እስከዚያ በቱቦ። አባባ ወደ ሸኮ ተመለሱ። ከረጢቱን ሱሪያቸው ውስጥ እግራቸው ላይ አስረው ይሄዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ፣ ከዚያ ጭራሹን ቀሩ። «ይሸታል» ይሉ ነበር። አይሸትም ነበር። በየሳምንቱ እየሄድኩ ከረጢቱን እቀይርላቸዋለሁ፣ ቱቦውን ዙሪያውን አጥባለሁ። አሁን እንግዲህ ሁለታችንም ማፈር ትተናል። ስጨርስ ራሴን ነካ ያደርጉኛል።

ቀጠሯቸው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዛቸው። ኩላሊታቸው በዚያው ተዳከመ። አረፉ።

ልቅሶ ላይ የሸኮ ሴቶች እየተፈራረቁ አቀፉኝ። «ያስታመመች ልጅ» ይሉኝ ነበር። እህል ሁሉ አፌ ውስጥ አመድ ሆነ።

አንባቢዎቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ታማሚውን እንወቅሳለን። አባባ አልደበቁም። ሁለት ቀን ነገሩኝ፣ ባላቸው ቃል። እኔ ነኝ ቃሉን ሰምቼ ሰውየውን ያላየሁት። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፣ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነበር፣ ባልዲው ባዶ ነበር። አንድ ጥያቄ፣ «ይወጣል ወይስ አይወጣም?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። ቤታችሁ ሽንት ቤት የሚያመሹ፣ ሌሊት ደጋግመው የሚነሱ፣ ሱሪያቸው የሚረጥብ አባት ካሏችሁ፣ አትሳቁ፣ ውሃ አትደፉባቸው፣ ጠይቋቸው። እምቢ ካለና ሆዳቸው ከጠጠረ በዚያው ሰዓት ውሰዷቸው። እኔ ዛሬ ባለጉዳይ ሲነግረኝ ቃሉን አላቃናም። «ምን ማለትህ ነው?» እላለሁ፣ ሲመልስልኝ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ ፈዛለች ይላል። ይበል።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ፣ አባባ ካረፉ በስምንተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አተምኩትና ጠረጴዛ ላይ ለኢሳያስ አኖርኩለት። ለሰው ሁሉ አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ፣ ለባሌ በአፌ መናገር አቅቶኝ ነው። ቆሞ አነበበው። ገጽ እየገለበጠ እስከ መጨረሻው አነበበውና ከመሐል አንዱን ገጽ መልሶ አወጣ።

«ይህቺ ትክክል አይደለችም» አለኝ። «አባቴ "ቶሎ ገባት" አላለም።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«"ሁለት ቀን ነገርኳት፣ አማርኛዬ አልበቃም። እንዳትቆጣት" ነው ያለኝ።»

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ወር ያውቃል። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሸኮ ለልቅሶ አብረን ስንሄድ፣ ሴቶቹ ሲያመሰግኑኝ አጠገቤ ቆሞ፣ ያውቃል።

«እና ይቅር ብለኸኝ ነው ዝም ያልከው?» አልኩት።

ወረቀቶቹን አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጣቸው።

«ይቅር አላልኩሽም ሙሉ» አለኝ። «እንዳልቆጣሽ ነው የታዘዝኩት።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልተቆጣኝም።